የላይኛው በር ሸክላ

አባቴንና ባሌን ጎን ለጎን ቆመው ያየ ሰው፣ ሁለቱንም የፈጠረው አንድ እግዜር ነው ቢሉት አያምንም ነበር። አባቴ ክላሪ ቤስዊክ አጭር፣ ወሬኛ፣ እጁ ላይ የገባውን ሁሉ የሚተክል ሰው ነበር። የፖም ዛፎቹ እንኳ በመስመር አልቆሙም፤ አንዷን እዚህ፣ አንዷን እዚያ፣ ወፍ እንደ ዘራቸው አድርጎ ነው ያሳደጋቸው። ባሌ አልዊን ትሬሎር በአንጻሩ በበራችን ጎንበስ ሳይል የማያልፍ፣ ቃል የሚቆጥብ፣ የተቀቀለ እንቁላል እንኳ ከመላጡ በፊት ዙሪያውን አገላብጦ የሚያጠና መሐንዲስ ነበር። አባቴ ለመስመር ደንታ አልነበረውም፤ አልዊን ያልተለካ ነገር ሲያይ ጥርሱን ያመው ነበር። ሆኖም ሁለቱ ይዋደዱ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የማወራው ነገር የሚያመው በዚሁ ምክንያት ስለ ሆነ ነው።

አልዊን ወደ ታርለን ሸለቆ የመጣው ወንዛችን እንዲገደብ በታሰበበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን በአውስትራሊያዋ ደሴት በታዝማኒያ ወንዝ ሲያልፍ አይቶ ግድብ የማያስብ ባለሥልጣን አልነበረም። እኔ በዋና ከተማዋ በሆባርት፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዕፅዋት ጥናት እማር ነበርና ለበጋው ዕረፍት እቤት ነበርሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ የማበስለው እኔ ነኝ፤ አበሳሰሌን የሚያሞግስ ሰው ግን አልነበረም። ቀያሾቹ ድንኳናቸውን ከወንዙ ዳር ባለው መስካችን ላይ ተከሉ። አልዊን ለምሳ ወደ ቤታችን መምጣት ጀመረ፤ የሚመጣውም ለምግቡ እንዳልነበረ ሸለቆው በሙሉ ያውቅ ነበር።

«አንተ ሎጋው» አለው አባቴ በመጀመሪያው ሳምንት፣ «ይኼ ሦስት እግር ያለው መነጽርህ ምኑን ነው የሚያየው?»

«ከፍታ ነው የሚያየው፣ አቶ ቤስዊክ።»

«እኔንስ ያየኛል?»

«እርስዎንማ በላይዎ ነው የሚያልፈው።»

አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አቶ ቤስዊክ» ቀረና «ክላሪ» ተባለ።

ወንዙ ሊገደብ የሚችለው በሁለት ቦታዎች ነበር። ከእርሻችን በላይ ኮረብቶቹ ተራርቀው የሚቆሙበት ሰፊ ሜዳ አለ፤ የላይኛው በር እንለዋለን። ከእርሻችን በታች ደግሞ ወንዙ በሁለት ጥቁር ቋጥኞች መካከል የሚጠብበት ጉሮሮ አለ። የላይኛው በር ቢመረጥ የሚሠራው ረጅም፣ ዝቅ ያለ የአፈር ግድብ ይሆንና እርሻችን ከግድቡ በታች በደረቅ ትቀራለች። ጉሮሮው ቢመረጥ ቅስት የሚሉት፣ እንደ ቀስት የታጠፈ የኮንክሪት ግድብ ይቆማል፤ ሸለቆው ከነቤታችን፣ ከነዛፎቻችን ይሰጥማል። ከሁለቱም የሚገኘው መብራት እምብዛም አይለያይም ይባል ነበር። ስለዚህ ሁሉም ነገር በላይኛው በር አፈር ላይ ተንጠለጠለ፤ ሸክላው ውኃ የሚይዝ ከሆነ እንድናለን።

አንድ ቀን አልዊን ከላይኛው በር የቆፈረውን እርጥብ ሸክላ በጆንያ ተሸክሞ መጣና ምድጃችንን አስፈቀደ።

«ለምርመራ ነው» አለ።

አባቴ ከመደርደሪያው ላይ የእናቴን የዳቦ መጋገሪያ አወረደለት። ጥቁር፣ ረጅም፣ ጆሮዋ የተጣመመ ቆርቆሮ ናት። ማገዶውን የጨመረውም እርሱ ራሱ ነው።

«ዳቦ ነው ግድብ የምትጋግረው?» አለው እየሳቀ። «እንዳያርብህ! ይኼ ምድጃ የልጄን የኤኒድን ኬክ አሳርሮ አሳርሮ ልማድ ይዞበታል።»

ከዚያ በኋላ አልዊን ወደ ሆባርት ወረደ። ሲመለስ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በረንዳችን ላይ ቆመ።

«የላይኛው በር አልሆነም፣ ክላሪ። አፈሩ ውኃ አይዝም ብለው ወሰኑ። ተከራከርሁ፤ የሚሰማኝ ግን አጣሁ።»

አባቴ ዛፎቹን አሻግሮ አየ።

«አንተ ምን ታደርግ፣ ልጄ» አለው። «አፈሩ ካልያዘ አልያዘም። ግባ፣ ሻይ ፈልቷል።»

ዛፎቹ ተቆርጠው ተቃጠሉ፤ ውኃ ውስጥ የሚቆም ዛፍ ጀልባ ይወጋል ተብሎ ነው። እኔና አልዊን ውኃው ከመሙላቱ በፊት በሸለቆው ቤተ ክርስቲያን ተጋባን፤ ያች ቤተ ክርስቲያንም ከእኛ በኋላ ማንንም አላጋባችም። አባቴ ሆባርት ውስጥ፣ ሙና ሰፈር፣ ግቢዋ በሲሚንቶ የተለሰነ ጠባብ ቤት ተሰጠውና ገባ። ጥፍሩ ሥር አፈር ሳይኖር ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ጎረቤቶቹ ስለ ግድቡ መንግሥትን ሲያሙ እጁን ያነሣና «የልጄን ባል ግን እንዳትነኩት፤ እርሱ ስለ እኔ ተከራክሯል» ይላቸው ነበር። ይህን ሳይሰለች ደጋግሞ ተናገረ። ሲሞትም አመዱ በሐይቁ ላይ፣ ዛፎቹ ከነበሩበት በላይ እንዲበተን ተናዘዘ። ጀልባውን የቀዘፈው አልዊን ነው። መሐል ስንደርስ መቅዘፊያውን አስቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔም ጀርባውን እያሻሸሁ አባበልሁት። በኋላም ሐይቁ በአባቴ ስም «ቤስዊክ ሐይቅ» እንዲባል ደጅ ጠንቶ አስፈጸመ። ሴቶቹ ጓደኞቼ ቀኑብኝ፤ ለእነርሱ ባሎቻቸው የሚያመጡላቸው ቢበዛ አበባ ነበር።

እኔ ለሐዘን የተፈጠርሁ ሴት አይደለሁም። ከአልዊን ጋር ግድብ ያለበትን አገር ሁሉ ዞርሁ፤ ቱርክ፣ ላኦስ፣ ፓኪስታን፣ ኒውዚላንድ። እርሱ ወንዝ ሲያስር እኔ ቅጠል እሰበስብ ነበር። በየአገሩ ተሳስቄ፣ በየቋንቋው ተሳስቼ፣ ልጆቼን በየሻንጣው መካከል አሳደግሁ። ደስተኛ ነበርሁ፤ ዛሬ ያን ደስታ ሐሰት ነበር ብዬ ልክደው አልችልም፤ ለዚህም ነው ነገሩ የከበደኝ።

ባል ሆኖ አልዊንን የሚያህል አይገኝም ነበር። በየማለዳው፣ ላኦስ ውስጥ በላምባ ምድጃም ቢሆን፣ ሻይ አፍልቶ አልጋዬ ድረስ ያመጣልኛል፤ ብስኩቷን በስኒው ጠርዝ ላይ ሚዛን ጠብቆ ያቆማታል፤ አንድም ቀን ወድቃ አታውቅም። የሰፈሩን አሸንዳ ሁሉ የጠገነ እርሱ ነው። ልጆቹ ሮስሊንና ግራንት ባሕር ዳር የአሸዋ ግድብ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጦ ማዕበሉን ይጠብቃል። ግድቡ ሲፈርስ ልጆቹ እርስ በርሳቸው መካሰስ ሲጀምሩ ድምፁን ሳያነሣ «ማንም አይከሰስም፤ ምክንያቱ ብቻ ይነገር» ይላል። ይህ አባባል የቤታችን ሕግ ሆነ። ሳህን ሲሰበር፣ መኪና ሲጋጭ፣ ግራንት ሚስቱን ሲፈታ፣ ማንም አይከሰስም፤ ምክንያቱ ብቻ ይነገር።

ላኦስ ሳለን ሸክላ መለየትንም አስተማረኝ። «ትንሽ ታረጥቢዋለሽ፤ በመዳፍሽ መሐል እንደ ክር ታሾሪዋለሽ፤ ከዚያ ጣትሽ ላይ ትጠመጥሚዋለሽ። ካልተበጠሰ ውኃ ይይዛል። መሣሪያ የሌለው መሐንዲስ እጁ ይበቃዋል» ይለኝ ነበር። ጣቴን ይዞ ሲያሳየኝ የአስተማሪ ሳይሆን የአፍቃሪ ድምፅ ነበረው።

ባለፈው መጸው ዘጠና አንድ ዓመት ሞልቶት፣ በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ አረፈ። ከመሞቱ በፊት አንድ ነገር ቃል አስገብቶኝ ነበር። አመዱ በቤስዊክ ሐይቅ ላይ፣ ቅስቱ ከሚታይበት ቦታ እንዲበተን፣ ስሞት የእኔም እዚያው እንዲከተል። «እኔ፣ አንቺና ክላሪ» አለ። እኔም እጁን ስሜ እሺ አልሁት።

በእኛ ዘንድ ሬሳ ከተሸኘ በኋላ ሰው ተሰብስቦ ሟቹን ይሰድበዋል፤ ስድቡ በበዛ መጠን ፍቅሩ የጠና ነው። ማክሰኞ ዕለት ከአስከሬን ማቃጠያው መልስ ሁላችንም ሽማግሌዎች ኳስ የሚያንከባልሉበት ክበብ ውስጥ ተሰበሰብን። ሳንድዊች፣ ላሚንግተን የሚባለው ኮኮናት የተነሰነሰበት ኬክ፣ ቢራ፣ በትልቁ ማፍያ የፈላ ሻይ ነበር። የአልዊን ፎቶግራፍ እርሱ ራሱ ከነደፈው ቅስት ሥዕል ጎን ቆሟል። ጎረቤታችን ስለ ሟቹ ስስት፣ ሮስሊን ስለ አነዳዱ፣ ግራንት ስለ ካልሲዎቹ አሳቁን። ከዚያ ካዚክ ተነሣ። ካዚክ ከፖላንድ በወጣትነቱ የመጣ፣ የአልዊን የሥራ ባልደረባና ሚዜ፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ፣ ስለዚህም ሁሌ የሚጮህ ሽማግሌ ነው።

«ይኼ ሰውዬ» አለ የቢራ ብርጭቆውን ወደ ፎቶግራፉ እያነሣ፣ «ይኼ ቅዱስ አድርጋችሁ የሰቀላችሁት ሰውዬ፣ የለየለት አጭበርባሪ ነበር!»

አዳራሹ ሳቀ።

«ያን ቅስት እንዴት እንዳገኘው ልንገራችሁ? የላይኛው በር ላይ የአፈር ክምር ሊያሠሩት ነበር። የአፈር ክምር! አልዊንን! ‹ካዚክ፣ እኔ መሐንዲስ እንጂ ፍልፈል አይደለሁም› ይለኛል። ታዲያ ምን ያደርጋል? ያን የመሰለ ሸክላ ወስዶ እንደ ብስኩት እስኪሰነጣጠቅ ምድጃ ውስጥ ጠብሶት መጣ! ስብሰባው ላይ ጠረጴዛው መሐል ቁጭ አደረገና በአንድ ጣቱ ነካ! ዱቄት! ‹ክቡራን፣ ውኃችሁን በዚህ ልትይዙ ነው?› አለ። ክራቫታሞቹ ተያዩ። አለቃችንም የኮንክሪት ሰው ነበር፤ ለመታለል ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። በዚያው ስብሰባ ጉሮሮው ጸደቀ! አጭበርባሪ ነው ስላችሁ!»

ጭብጨባው ጣሪያውን አነሣው። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ካዚክ ሲያወራ አለመሳቅ አይቻልም። ሳቄ ገና ከአፌ ሳይወጣ የድሮው ምድጃችን በር ሲከፈት የሚያሰማው የብረት ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ከዚያም የአባቴ እጅ ማገዶ ሲጨምር ታየኝ።

ካዚክን ሻይ ማፍያው አጠገብ አገኘሁት።

«ካዚክ፣ ሸክላው ድሮም ደካማ ነበር አይደል? አልዊን ትንሽ አጋነነው እንጂ።»

«ደካማ? ኤኒድዬ፣ ምን ነካሽ! እንደዚያ ያለ ሸክላ በዕድሜዬ አላየሁም። ቅቤ ነው፣ ቅቤ!»

«የላይኛው በር ይሆን ነበር ማለት ነው?»

«እንዴታ! እንኳን ለታርለን ወንዝ ለ...» አለና ድንገት ቆመ። ብርጭቆውን አስቀመጠ። ያ ጯሂ ሰው ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። «ኤኒድ... ነግሮሽ የለም እንዴ? ሐይቁን በአባትሽ ስም ሲያሰይም እኮ እኔ... ተነጋግራችሁበት፣ ይቅር ተባብላችሁ መስሎኝ ነው። ሁላችንም እንደዚያ መስሎን ነው።»

«ላሚንግተን ብላ፣ ካዚክ» አልሁት። «ኮኮናቱ ትኩስ ነው።»

የደበቀኝ ነገር ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ስሟን ጠይቄ፣ መልኳን አይቼ፣ «ምኗን ወደደላት?» ብዬ፣ ጥቂት አኩርፌ እታረቅ ነበር። ቅስትን ግን ምን ይሉታል? የእኔ መታለል ይቅር፤ ያሳመመኝ የአባቴ ነው። የራሱን ዛፎች የሚያሰጥመውን ሸክላ በራሱ ማገዶ፣ በሚስቱ መጋገሪያ፣ እየቀለደ አደረቀው። ከዚያም እስኪሞት ድረስ ያን ሰው በየደጁ ተከራከረለት። ጀልባው ላይ ያለቀሰውን ሰውዬ ጀርባ ያሻሸሁት እኔ ነኝ። እነዚያ ሁሉ የማለዳ ሻዮችስ? ይቅርታ ነበሩ ወይስ ልማድ? የሚመልስልኝ ሰው አሁን ከሮስሊን መኪና ወንበር ኋላ በሳጥን ተቀምጧል።

እቤት ስገባ መጀመሪያ ያየሁት መጋገሪያዋን ነው። ጆሮዋ የተጣመመው ያች ጥቁር ቆርቆሮ እስከ ዛሬ ድረስ ወጥ ቤቴ ውስጥ አለች። የልጆቼን የልደት ኬክ የጋገርሁት በእርሷ ነው። አልዊንም በየልደቱ የመጀመሪያውን ቁራሽ ቆርሶ በልቷል፤ አንድም ቀን ግን ከመደርደሪያው ላይ አውርዶልኝ አያውቅም። ቁመቱ ያን የሚያህል ሰው መጋገሪያ ስለምነው «አንቺ አውርጂው፣ እኔ እንቁላሉን ልምታ» ይለኝ ነበር። ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ሁላችንም በሐይቁ ዳር ባለችው ጎጆአችን ተገናኝተን አመዱን ልንበትን ተቀጣጥረን ነበር። ግራንት ጀልባ ተከራይቷል። የሮስሊን ልጅ ቲሊ እኔን ይዛ ትመጣለች ተባለ። ቲሊ ነርስ ናት፤ መኪና ስትነዳ እንደ ሆስፒታሏ ቀልጣፋ፣ ስትጠይቅም እንደ ሐኪሞቿ ቀጥተኛ ናት።

ከዋናው መንገድ ላይ «በግራ ታጠፊ» አልኋት።

«እማማ፣ ሐይቁ እኮ በቀኝ ነው።»

«ሐይቁ የትም አይሄድም። ታጠፊ።»

የላይኛው በር ዛሬ የበግ ግጦሽ ነው። ሰፊ፣ ገራም፣ ማንም ፎቶግራፍ የማያነሣው ሜዳ። የፈርኑ ቁጥቋጦ ቢጫ ሆኗል፤ አንድ ዋላቢ፣ ያ ትንሹ ካንጋሮ፣ አጥሩ ሥር ቆሞ ያየናል። ምርኩዜን ለቲሊ ሰጥቼ በጉልበቴ ተንበረከክሁ፤ በዕድሜዬ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ወንዙ የሸረሸረው ዳር ላይ ሣሩን በሻይ ማንኪያ ፈልቅቄ ግራጫውን ሸክላ አወጣሁ። ከፔርሙሱ ሻይ ጠብ አደረግሁበት።

«እማማ፣ ምንድን ነው? ጭቃ ልትበዪ ነው?»

«አያትሽን እየመረመርሁት ነው።»

በመዳፌ መካከል አሾርሁት። ረዘመ፣ ቀጠነ፣ ለሰለሰ፣ እንደ ጥሩ ሹራብ ክር ሆነ። በቀለበት ጣቴ ላይ፣ ከጋብቻ ቀለበቴ በላይ ጠመጠምሁት። አልተበጠሰም። አንዴ ዞረ፣ ደገመ፣ ጫፉን ከጫፉ አገናኘሁት። አሁንም አልተበጠሰም።

ቲሊ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። «ምንድን ነው የሚያስለቅስሽ?»

«ጥሩ ሸክላ ነው፣ ልጄ» አልኋት። «በጣም ጥሩ ሸክላ ነው።»

ቀሪውን መንገድ መኪናዋ ውስጥ እጄን ጭኔ ላይ አሳርፌ፣ ሁለቱን ቀለበቶች እያየሁ ተጓዝሁ።

ጎጆአችን ስንደርስ ግራንት በረንዳው ላይ ቋሊማ ይጠብሳል። ሮስሊን አበባ ትበጣጥሳለች፤ ውኃው ላይ ከአመዱ ጋር የሚጣል ነው። አልዊን ራሱ በሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቲማቲም ድልሁ ጎን ተቀምጧል። ሐይቁ ረግቷል። ከሐይቁ ማዶ ቅስቱ ነጭ ሆኖ፣ እንደ ተከፈተ መዳፍ ውኃውን ደግፎ ይታያል። እውነቱን ለመናገር ያንን የመሰለ ነገር በዞርሁበት አገር ሁሉ አላየሁም።

«እማዬ፣ እጅሽ ምን ሆነ?» አለች ሮስሊን ሸክላውን አይታ።

«ተቀመጡ» አልሁ። «ማንም አይከሰስም። ምክንያቱ ይነገራል።»

ነገርኋቸው። ምድጃውን፣ መጋገሪያዋን፣ የአያታቸውን ማገዶ፣ በረንዳ ላይ የተያዘውን ባርኔጣ፣ «ተከራከርሁ» የሚለውን ቃል። የካዚክን ተረት ሁላቸውም ሰምተው ስቀው ነበርና ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ የማን ምድጃ እንደ ሆነ ብቻ ጨመርሁበት። ግራንት እሳቱን ረሳው።

«እማዬ» አለ፣ «ስልሳ ዓመት ያለፈው ነገር እኮ ነው።»

«ለአንተ ስልሳ ዓመት ነው። ለእኔ የሆነው ማክሰኞ ነው።»

«አፍሮ ይሆናል ያልነገረሽ» አለች ሮስሊን። እርሷ አባቷን በጣም ትወድ ነበር። «አባዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። ክፉ ቢሆንማ ኖሮ ምን ቸገረኝ? ክፉ ሰው ሸክላ ሲያደርቅ አባቴ ማገዶ አይጨምርለትም ነበር። ማፈሩንማ አፍሯል፤ ለዚህ ነው ሐይቁን በአያትሽ ስም ያሰየመው። ሰውን አስጥመሽ ስሙን ከላይ ብትጽፊለት ግን ሰውዬው አይተነፍስም።»

«አያቴ ቢሰማ ይስቅ ነበር» አለ ግራንት፣ ለማቅለል እየሞከረ።

«ይስቅ ነበር። ስቆ፣ አልቅሶ፣ ምናልባትም ይቅር ብሎት፣ ‹ግባ ሻይ ፈልቷል› ይለው ነበር። አባትህ ግን ያንን ዕድል አልሰጠውም። እንዳይስቅበትም፣ እንዳይቆጣበትም አድርጎ ወስዶ ሙና ሰፈር ሲሚንቶ ላይ አስቀመጠው።»

ግራንት ወደ ቅስቱ ዞረ። የሒሳብ መምህር ነው፤ ያን ግድብ ለተማሪዎቹ በየዓመቱ ያስጎበኛል። «ቆንጆ ነው ግን» አለ በቀስታ፣ እንደሚናዘዝ ሰው።

«ቆንጆ ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው። አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ ተሳስቶ ነው እል ነበር።»

ቋሊማው ያር ጀመር፤ ቲሊ ተነሥታ እሳቱን ቀነሰችው። ሮስሊን የበጣጠሰችውን አበባ በመዳፏ ሰብስባ የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ያዘችው። ሁሉም እኔን ይጠብቃሉ። ለባሌ የገባሁለት ቃል አለ፤ እጁን ስሜ የገባሁት ቃል ነው። ሳጥኑን ከቲማቲም ድልሁ ጎን አንሥቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት። ያ ረጅም ሰው በጣም ቀሎ ነበር።

«እንግዲህ ስሙኝ» አልኋቸው። «አባታችሁ ዛሬ ወደ ሐይቁ አይገባም፤ ነገም አይገባም። አባቴ እዚያ ተኝቷል፤ እንግዳውን መርጦ የማስገባት መብት ይኑረው። አልዊንን ከምሳ በኋላ የላይኛው በር ላይ፣ ወንዙ ዳር እንቀብረዋለን። መጋገሪያዋን ይዤ መጥቻለሁ፤ መኪናው ውስጥ ናት፤ ከእርሱ ጋር ትገባለች። አፈሩ ጥሩ ነው፤ አጥብቆ ይይዘዋል። ሐውልት አይቆምበትም፤ በጎች ይግጡበት። ስሙን የሚፈልግ ሰው ቅስቱ ላይ ያገኘዋል።»

«አንቺስ?» አለች ሮስሊን። «አብራችሁ እንድትሆኑ ነበር እኮ...»

«እኔ ከእርሱ ጋር ዕድሜዬን ሙሉ ኖሬአለሁ፤ አልተጸጸትሁም። ስሞት ግን ውኃው ውስጥ ከአባቴ ጋር ጨምሩኝ። የምነግረው ነገር አለኝ፤ ሌላ ሰው እስኪነግረው አልጠብቅም።»

ግራንት የጀልባውን ቁልፍ በጣቶቹ መካከል እያገላበጠ ቆየ።

«ጀልባውስ?» አለ።

«ጀልባውን» አልሁት፣ «ለእኔ አቆየው።»